ከአሚኑ ሥር ያለው ድምፅ

ማንም ሳያዘኝ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ቀን ውጫሌ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር ስጠግን እውላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሐይቅ ከተማ ካለው ቤቴ ገብቼ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ከፍቼ እቀመጣለሁ። ትእዛዙ ሁሉ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁር ገጽ ነው። እዚያ ላይ የጎረቤት ፍላሽ ከቫይረስ የሚያጸዳ፣ የሒጅራውን ቀን ከእኛው አቆጣጠር ጎን የሚያሳይ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን መሣሪያዎች ሠርቻለሁ። ከእኔ ሌላ የሚጠቀምባቸው የለም። ጓደኞቼ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባጃጅ ብነዳ ኖሮ ሰው እሆን እንደነበር ሳይነግሩኝ የሚያልፉበት ቀን የለም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ካሰብኩበት የማይሠራ ነገር የለም ብዬ አምን ነበር፤ ጉዳዩ አባቴ ላይ እስኪደርስ ድረስ።

አባቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የኖረ ገበሬ ነው፤ በዱዓው ይታወቃል። ሰርግ የደገሰም፣ ልጁን ዓረብ አገር የሚሸኝም እሱን ያስጠራል። የተሸመደደ አይደግምም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ይመርቃል። የሚመርቀው ደግሞ በለሆሳስ ነው። «የሚለመነው ጌታ ደንቆሮ አይደለም» ይላል። ሰዉ ግን አሚን የሚለው ጣሪያው እስኪነቃነቅ ነው። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ምርቃቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ጫፉ ላይ ይዘለልበታል። አሚን ለማለት የዘገየ ሰው ምርቃቱን ለጎረቤቱ እንዳሳለፈ ነው የሚቆጠረው።

አምና ደም ግፊቱ ተነሥቶ ግማሽ ጎኑን ጣለውና ምላሱ ታሰረ። ሐይቅ እኔ ቤት አመጣነው። ይሰማል፣ ሰው ይለያል፣ ያለቅሳል፤ መናገር ግን አልቻለም። እንዲህ እያለ ታናሽ እህቴ ታጨች።

«የታላቃችን የእትዬ ሰርግ ላይ ሲመርቅ በስልክህ ቀድተኸው የለ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ያኔ የኔንም ስም ጠርቶ ነበር። ስሜን ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ግን አሚኑ ዋጠው። እሱን አውጣልኝ ወንድምዓለም። ምን እንደመረቀኝ ሳልሰማ ኒካህ አላስርም።»

«አብሽሪ፣ አወጣልሻለሁ» አልኳት። ምን አፌን አስከፈተኝ!

ቅጂውን ከፈትኩት። አሚን! ትንሽ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ደግሞ አሚን! እስከ መጨረሻው ያው ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ድምፅ ብቻ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ጻፍኩ። ከአባቴ ጋር የሰሃኑም፣ የሕፃኑም፣ የጓሮው ፍየልም ድምፅ ከፍ አለ። ቀጥዬ አሚኑን ዝቅ የሚያደርግ ሌላ ሠራሁ፤ ያ ደግሞ አባቴንም አብሮ ቀበረው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። እህቴ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር ከበሩ ላይ «ወጣ?» ትለኛለች። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማናል። ቅጂውን ሳጫውት አንዳንዴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ያኔ ላፕቶፑን ከድኜ መውጣት እፈልግ ነበር።

ተስፋ ስቆርጥ ወደ ሰው ዞርኩ። ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ። «እኔማ ዓይነ ርግብ ለብሼ እያለቀስኩ ምን ሰምቼ!» አለች። በሰርጉ የነበሩ ዘመዶችንም ጠየቅኩ። «ወላሂ ያማረ ዱዓ ነበር!» ይላሉ ሁሉም። አንድ ቃል የሚያስታውስ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ አሚኖቹን አንድ በአንድ ቆርጦ የሚደረድር መሣሪያ ጻፍኩ። ጠባያቸውን ካወቀ ከአባቴ ድምፅ ላይ ይቀንሳቸዋል ብዬ ነው። ተደርድረው ስሰማቸው ሁሉንም የሚመራ አንድ ድምፅ አለ፤ ጎርናና፣ ከሰው ሁሉ የሚቀድም፣ ወደ ማይክራፎኑ የተጠጋ። ማን ነው ይኼ ችኩል እያልኩ ደጋግሜ አጫወትኩት። እኔ ነኝ። ስልኩ ያኔ በሸሚዜ ኪስ፣ ደረቴ ላይ ነበር። አባቴ የእህቴን ስም ይጠራል፤ ከዚያ እኔ።

የራሴን ድምፅ ለመቀነስ ያልሞከርኩት የለም። በቀነስኩት ቁጥር ከሥሩ የሚወጣው ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ሁለቱ ድምፆች አንዴ አንድ ላይ ተቀድተዋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

የኒካሁ ዕለት ጠዋት እህቴ ለብሳ መጥታ ፊቴ ቆመች። አልዋሸኋትም።

«ስምሽ አለ» አልኳት። «ከሱ በኋላ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው።»

«አጠገቡ ነበርክኮ! ምን አለ ታዲያ?»

«አልሰማሁም። አሚን እያልኩ ነበር።»

ልትቆጣኝ የፈለገች መሰለኝ፤ አልተቆጣችም። ሄዳ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከች። «አባየ፣ እስቲ አሁን መርቀኝ» አለችው።

አባቴ ደህነኛውን እጁን ዘረጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጆሯችንን ሰጠን፤ እንዳንሸፍንበት ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። እስትንፋስ እንጂ ቃል አልነበረውም። ከዚያ ከንፈሩ ቆመ። እጁን ግን አላጠፈም። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ቀድማ የገባት እሷ ናት።

«አሚን» አለች፣ ምን እንደተመኘላት ሳታውቅ።