ሁለት ለቅሶ በአንድ ግቢ

ጣት ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር የሰፈራችን የካላክላ ሚኒባስ ይመጣብኛል። ካርቱም ውስጥ መውረድ የፈለገ ተሳፋሪ ጣቱን ያስጮሃል፣ ኩምሳሪው፣ ማለትም ረዳቱ፣ ያንን ሰምቶ ሾፌሩን ያስቆመዋል። ታላቅ ወንድሜ ኩምሳሪ ነበር። እናታችን የጎንደር ክርስቲያን ናት፣ አባታችን ደግሞ እኔ ሳላውቀው የሞተ የኦምዱርማን ሙስሊም ነበር። እናቴ ልጇን ዳዊት፣ የአባቴ ወገኖች ዳውድ ይሉት ነበር፤ ስሙ ሁለቱንም ወገን ደስ እንዲያሰኝ ተብሎ የወጣ ነው።

ውጭ ግን በስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነበር። በበጋ፣ የሚኒባሱ ቆርቆሮ እጅ ሲያቃጥል፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሠራ፣ አንዳንዱ ተሳፋሪ መልኩን አይቶ «አንተ ሐበሺ፣ አገርህ ግባ!» ይለው ነበር። እሱም በጥሩ የካርቱም አረብኛ «አገሬ ካላክላ ነው፤ ያላ፣ አብረን እንግባ!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ይስቅ ነበር። አርብ አርብ ደግሞ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ የእናቴ አገር ሰዎች ዘንድ እንሄድ ነበር፤ እዚያም እትዬ ዘውዴ ገና በሩን ሳናልፍ «አረቡ መጣ፣ ሽንኩርቱን ደብቁ!» ትላለች።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ እኮ!»

አብሯቸው ይስቅ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ቤት ስንመለስ ግን «እኔ በሌለሁበት ማን ብለው ይሆን የሚያነሱኝ?» አለኝ።

ከዚያ ኸሪፍ፣ የካርቱም ክረምት፣ ገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ኩሬ አደረገው፣ ትንኙም በዛ። ዳዊትን ወባ ያዘው። ራስ ምታት ነው እያለ ሥራ ሲሄድ ሰንብቶ፣ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ጊዜው አልፎ ነበር። ሞተ። ከዚህ ሌላ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የአባቴ ወንድሞች አጥበው፣ ከፍነው ይዘውት ሲነሱ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተከተለች። የአባቴ እህት ሐጃ ነፊሳ በሩ ላይ ያዘቻትና በአረብኛ የዳውድ እናት ብላ ጠራቻት።

«ኡም ዳውድ፣ ሴት ቀብር አትሄድም። ታገሺ፣ አትጩኺ።»

«ልጄን ሳልሸኘው?» አለች እናቴ በአማርኛ። በእሷ አገር እናት ልጇን እስከ ጉድጓዱ ድረስ ትሸኛለች። ለአክስቴ ተረጎምኩላት፤ የእናቴን እጅ ግን አልለቀቀችም።

ግቢያችን ለሁለት ተከፈለ። ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም መጎናጸፊያ፣ የለበሱት የሰፈሩ ሴቶች ሰሌን ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ከወዲህ ደግሞ እነ እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን እየመቱ ይጮኹ ነበር። ውሃ ሳዞር ሁለቱንም እሰማ ነበር። «ሐበሾች እንዲህ ናቸው፣ በአላህ ፍርድ አያምኑም» ይላሉ እነዚያ። «አረብ ለገዛ ልጁም እንባ የለው» ይላሉ እነዚህ። ውሃ ልቀዳ ወደ ማድ ቤት ስገባ ሐጃ ነፊሳን ከእንስራው ጀርባ አገኘኋት። የቶቧን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ድምጿ እንዳይሰማ እየታገለች ታለቅስ ነበር። ሮጬ እናቴን ጎትቼ አመጣኋት። እናቴ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ሐጃ ነፊሳ ከኦምዱርማን መጣችና «ኡም ዳውድ፣ ተነሺ፣ ያላ» አለች፣ ሦስታችንም ወደ መቃብሩ ሄድን። እናቴ አፈሩ ላይ ወድቃ ስትጮህ፣ አትጩኺ ያለቻት ያቺው ሴት ቶቧን ዘርግታ ከመንገዱ ከለለቻት። «አልቅሺ በላት፣ እኔ ቆሜያለሁ» አለችኝ።

አሁን የሱዳኑ ጦርነት በትኖን እናቴና እኔ ጎንደር ነን፣ ሐጃ ነፊሳ ኦምዱርማን ቀርታለች። አማርኛዬ ስለሚሰባበር የሰፈሩ ልጆች «ሱዳኒው» ይሉኛል፣ ክፋት የላቸውም። በዳዊት ሙት ዓመት ጎረቤቶቻችን መጥተው እንደ እናቴ አገር ወግ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱላት። እሷ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣ ነበር። እነሱ ሲወጡ «ለነፊሳ ደውልልኝ» አለችኝ። ወደዚያ መስመር የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ደወልኩ፣ አልገባም። ደግሜ ስደውል እናቴ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ትጠብቅ ነበር።