ሽንኩርቱ ወይስ ሽንኩርቷ

ዛሬ መቂ ላይ፣ በወዳጄ በገመቹ ቀብር፣ በሕዝብ ፊት የሰዋስው ስሕተት ፈጸምሁ።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝና የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እንዳነብብ ቤተሰቡ አደራ ሰጥቶኝ ነበር።

ገመቹ አምስት ልጆቹን ያሳደገው በሽንኩርት እርሻ ነው። ልጆቹ ተሟልተው ሳይቀመጡ እህል አይቀምስም፤ ማሳው ውሃ ሳይጠጣ ደግሞ ማንም አይቀመጥም።

“ሽንኩርቷ ጠምቷታል” ይል ነበር፣ እንደ ትንሿ ልጁ እያቆላመጠ።

“ሽንኩርቱ ጠምቶታል በል” እያልሁ ስንት ዓመት አረምሁት!

“አንተ መምህር፣ እሷ የጠማት ውሃ እንጂ ሰዋስው አይደለም” ይለኝና ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ዛሬ “ሽንኩርቱን እንደ ልጆቻቸው ይንከባከቡ ነበር” ብዬ ከጻፍሁት ላይ ስደርስ ዓይኔን ከወረቀቱ አነሣሁ። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ገመቹ ግን በውስጡ የለም።

“ሽንኩርቷን” ብዬ አነበብሁ።

ትንሿ ልጁ እንባዋን እየጠረገች ቀረበችኝ። “ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎም ተሳሳቱ።”

“አልተሳሳትሁም፣ ልጄ” አልኋት።

አሁን አዳማ፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ ደክሞኛል።

እናንተስ? ስታርሙት ኖራችሁ፣ ዛሬ ግን እንደ ባለቤቱ የምትናገሩት የማን ቃል አለ? ጻፉልኝ፤ ለዛሬ የፊደል ግድፈታችሁን አላርምም።