ማዕዘን ያለው እድፍ

ካውያ የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ልብስ ተኳሽ ስለሆነች ነው። ሁለተኛውን በፊቷ የሚናገር የለም፤ ቶሎ ትግላለች፣ ቶሎ አትበርድም።

በአስራ ሰባት ዓመቷ ላውንደሪ ስትገባ ያስቀመጧት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እጇ በሳሙናና በበረኪና ሲላጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን ተኳሿ ስትቀር ሸሚዝ ሰጧት። የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ኮሌታውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመተኮሻው ጠረጴዛ የእሷ ሆነ። ጠረጴዛው ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ደመወዙም ሁለት ልጆች ያስተምራል። ካውያ ያንን ጠረጴዛ የምትወደው ሌላ ሰው ቤቱን እንደሚወደው ነው።

ከሥራ ውጭ ጥንቸል ታረባለች። ቤቷ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ለልጇ የገዛቻቸው ሁለት ጥንቸሎች እዚያ ጥግ ተዋለዱና በዙ። ካሊፎርኒያ የሚባለው ዝርያ ናቸው፤ ሰውነታቸው ነጭ፣ ጆሯቸው፣ አፍንጫቸው፣ እግራቸውና ጭራቸው ጥቁር። ለሚፈልግ ትሸጣለች። «አሻንጉሊት አይደለም፣ ይበላል፣ ይፈራል» ብላ ግማሽ ሰዓት ሳትመክር ግን ለማንም አትሰጥም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባንኮኒው በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ አንድ ጠበቃ ለልጁ ከካውያ የገዛውን ጥንቸል በሳጥን ይዞ ገባ። ጠበቃው የላውንደሪው ትልቁ ደንበኛ ነው። የራሱን ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ልብስ ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠው።

«የታለች ጥንቸል አንጪዋ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ካውያ ካውያዋን አቁማ መጣች።

«ምን ሆኑ ጌታዬ?»

«ልጄን በእንስሳት ኤግዚቢሽን መሃል አሳፈርሽብኝ! የውድድሩ ዳኛ ምን አላት መሰለሽ? ‹ካሊፎርኒያ ጀርባው ላይ ጥቁር የለውም፣ ይሄ ድብልቅ ነው።› በሕዝብ ፊት! ስትሸጪልኝ ጀርባው ወተት ይመስል ነበር። በምን አነጣሽው? በበረኪና ነው አይደል? አሁን እያደገ ጉዱ ወጣ!»

ከወረፋው ውስጥ አንዱ ሳቀ። «በረኪና እዚህ ምን ጠፍቶ!»

ካውያ ፊቷ ሲጋይ ተሰማት። አጎንብሳ ሳጥኑ ውስጥ አየች። እውነት ነው፣ ጥንቸሉ ጀርባ ላይ አራት ጣት የሚሆን ጥቁር አለ። ግን እድፍ ማለት የእሷ ሙያ ነው። ዘይት ይሰፋል፣ ወይን ይንጠባጠባል፣ የዝገት ዳሩ ይሸረከታል። የዚህ ዳሩ ቀጥ ያለ ነው፤ አራት ማዕዘን አለው። ማዕዘን ያለው እድፍ ደግሞ በራሱ አይመጣም።

«ማን ላጨው?»

«ማንም አልነካውም! ነገር አታዙሪ!» ጠበቃው ወደ ላውንደሪው ባለቤት ዞረ። «እትዬ፣ እንስሳ በበረኪና የምታጭበረብር ሴት የኔን ልብስ አትነካም። ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ካየኋት ልብሳችንን ሌላ ቦታ እንወስዳለን።»

እሱ ወጣ። እትዬ ካውያን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«እስኪጣራ ድረስ ማጠቢያው ውስጥ ሁኚ፣ ልጄ።»

«ካልተጣራስ?»

«እኔን ምን ታስጨንቂኛለሽ? ሰው የሚያምነው ጠበቃ ነው ተኳሽ?»

ካውያ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከስድስት ዓመት ላብ በኋላ እዚያው ባልዲ ጋ! አጣቢዋ ጓደኛዋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሙቀት ለምደሽ እንዳትሞቺብኝ» አለቻት። ካውያ አልሳቀችም። አንሶላውን እንደ ጠበቃው አንገት ጠመዘዘችው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጠበቃው ቤት ሄደች። እሱ እንደማይኖር ታውቃለች። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው።

«እማማ፣ ጥንቸሉን የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

«ውይ ልጄ፣ ግቢ። ጮኸብሽ አሉ። እሱ እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቅ።»

ሳጥኑ በረንዳ ላይ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ካውያ ያንን ስታይ ሌላ ንዴት ጨመረባት። ግማሽ ሰዓት የመከረችው ለዚህ ነው?

«እማማ፣ ጀርባውን የላጨው ማነው?»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላ ያዝ አደረጉ። «የጎረቤት ድመት ቧጨረው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ብወስደው ቁስሉ ዙሪያውን ላጭቶ መድኃኒት ቀባው። ልጄ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር፤ ይቆጣል ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ሲበቅል ጥቁር ሆኖ በቀለ። እኔም ከመድኃኒቱ መስሎኝ ነበር።»

«ከብርዱ ነው፣ እማማ።»

ካውያ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። የዚህ ዝርያ ግልገሎች ሲወለዱ ድፍን ነጭ ናቸው፤ የሚጠቁሩት ብርድ የሚያገኛቸው ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነው። በምድጃው ግድግዳ አጠገብ ያደጉት አፍንጫቸው ፈዘዝ ይላል፤ ግቢ ያደጉት ከሰል ይመስላል። ይህንን ዓመታት ስታየው ኖራለች። የተላጨ ጀርባም ያለ ጠጉር ብርድ ላይ ሲውል ያው አፍንጫ ማለት ነው። ቢሆንም ተላጭቶ የበቀለ ጀርባ አይታ አታውቅም። ልክ ይመስላታል እንጂ እርግጠኛ አይደለችም።

እማማ ለልጃቸው እውነቱን ሊነግሩት ቃል ገቡ፤ ነገሩትም። ጠበቃው ግን «ብርድ ጠጉር አያጠቁርም፣ እማዬን አታላ ነው» ብሎ ለእትዬ ደወለ። ካውያ ይህን ስትሰማ እጇን ሳታደርቅ ከማጠቢያው ወጥታ ስልኩን ከእትዬ እጅ ወሰደች።

«ጌታዬ፣ ጥንቸሉን ይስጡኝ። ጥቁሩን ግማሹን ብቻ እላጨዋለሁ፤ ግማሹን እተወዋለሁ፣ በሌላ ጥንቸል ቀየረች እንዳይሉኝ። ሙቀት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ነጭ ሆኖ ካልበቀለ ራሴ ሥራዬን እለቃለሁ።»

«በራስሽ ፈረድሽ።»

«እርስዎማ ሳይሰሙ ፈርደዋል!»

ጥንቸሉን ሲሰጧት ከጎረቤቷ ፀጉር አስተካካይ ማሽን ተዋሰች። «ጢሙን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ፀጉሩን?» ብሎ ቀለደባት። ጥቁሩን መሃል ለመሃል ከፍላ፣ ግማሹን እንደ ሱሪ መስመር ቀጥ አድርጋ ላጨችው። ከዚያ የመጠበቅ ጊዜ መጣ። ቀን ማጠቢያው ውስጥ ንዴቷን እያጠበች፣ ማታ ማታ ጥንቸሉን አቅፋ ጀርባውን ትመረምራለች። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳው ላይ የሆነ ነገር አቆጠቆጠ።

«እማዬ፣ ጥቁር ከሆነስ?» አለች ትልቋ ልጇ።

«እንግዲያው እጄ እየተላጠ አሳድጋችኋለሁ። በፊትም ያደጋችሁት በሱ ነው» አለችና፣ ቆይታ፣ «ግን ነጭ ነው። እይው እስኪ አንቺም» አለች።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ካውያ ሳጥኑን ይዛ ባንኮኒው ጋ ቆመች። ወረፋው ያው ወረፋ ነው። ጠበቃው ሲገባ ክዳኑን ከፈተች። የጥንቸሉ ጀርባ ላይ ግማሽ ካሬ ጥቁር አለ፤ በመሃሉ ቀጥ ያለ መስመር፤ ከመስመሩ ወዲህ ወተት የመሰለ አጭር ጠጉር። ያ «በረኪና ምን ጠፍቶ» ያለው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና ተመልሶ ወረፋው ውስጥ ተደበቀ።

ጠበቃው ጠጉሩን በጣቱ ከፋፍሎ ሥሩን አየ። እጁ ላይ የቀረ ቀለም የለም።

«እሺ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተሳስቻለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ አለ እኮ፣ ይበቃል» አለች እትዬ።

«አይበቃም፣ እትዬ። ሲሰድበኝ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።»

ጠበቃው ወደ ወረፋው ዞረ። «ጥንቸሉ ንጹህ ዘር ነው። እሷ አላጭበረበረችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው አጣቢም ሰምታለች፤ እጇን ስታጨበጭብ ውኃው ተረጨ።

ካውያ «ምንም አይደል» አላለችም። ምንም አይደል የሚባል ነገር አልነበረማ። የልብስ ደረሰኝ አንስታ ጻፈችበትና ሳጥኑ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው፤ «ሙቅ ቦታ ይቀመጥ። በረንዳ ላይ አይሰጣ።»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ካውያውን ሰካች። ከክምሩ አናት ላይ ያለው ሸሚዝ የጠበቃው ነበር። ካውያው እስኪግል ኮሌታውን በመዳፏ እያቀናች ቆመች። ማቃጠል በጣም አማራት።

ተኮሰችው። ኮሌታው እንደ ድሮው ቀጥ አለ።