ሰንበት የምታከብረው መኪና

አንድ የዝናብ ቀን ከአውቶቡስ መስኮት አየሁት። አንዲት እናት ከገበያ ወጥተው ከነዕቃቸው ዝናብ ላይ ቆመው ነበር። ነጭ መኪና አጠገባቸው ቆመና አንድ ሰው ወረደ፤ ጃኬቱን አውልቆ ራሳቸው ላይ ዘረጋላቸው፣ ዕቃቸውን ጫነ፣ ደግፎ ፊት አስቀመጣቸው። እንደማይተዋወቁ ያስታውቃል። ከተማችን ቂርያት ጋት እንዲህ ያለ ሰው አላጣችም ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

በዚያው ወር ሰውየው ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ገባ። አግደው ይባላል። ያን ቀን ባላየው ኖሮ ስለ እሱ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር።

አግደው በፈረንጆቹ 1991 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከመጡት ነው። ዛሬ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነው። መኪና ሲገባና ሲወጣ ስለሚያይ ራሱን የመኪና አዋቂ አድርጎ ሾሟል። አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ጋራዥ ሠርቻለሁ ይላል። አብረውት የነበሩት ግን የጋራዡን ግቢ ይጠርግ እንደነበር ነገሩኝ። መጥረግ የተከበረ ሥራ ነው፤ ያስጠላኝ መጥረጊያውን መደበቁ ነው።

ከሥራ ሲመለስ ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ጤነኛ ናት ይላል። ስለ መኪናዋ በእርግጥ የሚያውቀው ማጠብ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጎረቤት ካላየው አያጥባትም።

ሚስቱ ይሻሽ ሌላ ሰው ናት። ብዙ ዓመት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ አሁን ካርሜ ጋት ሰፈር ባለ የሕፃናት ማቆያ ትሠራለች። ቁልፉ በእጇ ነው፤ በሩን በማለዳ የምትከፍተው እሷ ናት። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሰጥተው ወደ ባቡር ይሮጣሉ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ አይታመንም። አንድ ቀን አውቶቡስ ቀርቶባት አርፍዳ፣ ኃላፊዋ ይህ ከተደገመ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ ብላታለች። ስለዚህ የሚያደርሳት አግደው ነው።

ዘይት ሊያስቀይር በሄደበት ቀን ጋራዥ ያለው ኤሬዝ የታይሚንጉን ቀበቶ እንዲቀይር ነገረው። ከሞተሩ ጎን በክዳን የተሸፈነ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ኪሎሜትሩ ገና ነው፤ ዓመቱ ግን አልፏል። አግደው ይህን በሰንበት ከምኩራብ ስንወጣ እንደ ቀልድ አወራልን። የመኪናዬን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ያነበብሁት ነበርና፣ ኪሎሜትር ወይም ዓመት ይላል፣ ቀድሞ በሞላው ነው የሚቀየረው አልሁት።

«መጽሐፉ የተጻፈው በሰንበት ለሚነዱ ነው» አለ። «የእኔ መኪና ሰንበት ታከብራለች። በዓሉንም ቀንስ። ቀበቶዋ ስንት ዓመት አርፏል መሰለህ?»

«ላስቲክ ቆሞም ያረጃል።»

«አንተ በሰንበት ታረጃለህ?»

«አዎ» አልሁት።

ሰው ሳቀ፤ እሱ በቀልዱ የሳቁለት መሰለው። ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ፣ ቴስቱን፣ ማለፏንም ጨመረበት። ቴስት የሚያይ ሰው ያን ክዳን እንደማይከፍት አያውቅም። ክዳን ውስጥ ያለውን ቀበቶ በመዳፉ ያያል፤ ፈጣሪ ለዕረፍት የሰጠንን ቀን ደግሞ ለስንፍናው መከታ ያደርጋል። ይኸኛው ከውሸቱ ሁሉ በላይ አስጠላኝ።

ጥቂት ቆይቶ ይሻሽን ደረጃ ላይ አገኘኋት። «አግደው ቀበቶውን አስቀየረልኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። ሰው ይለወጣል ብዬ ተደሰትሁ፤ ስለ እሱ ባሰብሁትም አፈርሁ።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። አግደው ነበር፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ጸጥ ብላበታለች። ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት ይሻሽን ነው፤ ቁልፉን ጨብጣ በመንገዱ ዳር በሩጫ ትሄዳለች። መኪናዬ ላይ አሳፈርኋት። ችግሩ ቀበቶው እንደማይሆን ነገረችኝ፤ አዲስ ነውና። ማቆያው ስንደርስ ወላጆች ልጆቻቸውን አቅፈው በተዘጋው በር ፊት ቆመዋል፤ ኃላፊዋም መጥታለች። ይሻሽ አንገቷን ደፍታ ከፈተች። ኃላፊዋ ከሥራ በኋላ ቢሮዬ ነይ ስትላት ሰማሁ።

አግደውን ኮፈኑን ከፍቶ፣ መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ አገኘሁት። መኪናዋ በመጎተቻ ኤሬዝ ዘንድ ደረሰች። ኤሬዝ ክዳኑን ሲፈታ ቀበቶው ተበጥሶ፣ ጥርሱ ረግፎ ወጣ። እሱ ሲበጠስ ሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹ ታጥፈዋል፤ ይህ ሞተር አለቀ አለን። ቀበቶው መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበት የመጀመሪያው ነበር። ማንም ነክቶት አያውቅም። ኤሬዝ ነግሬህ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀው። አግደው የእጁን ቅባት በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ደጅ ስንወጣ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ ስላልሞተ ተመስገን አልሁ። ይሻሽ ኃላፊዋን ለምና ቦታዋ ቢተርፍላት፣ በማለዳ እኔ እንደማደርሳት ለአግደው ነገርሁት። እሱም በግማሽ ጆሮ ሰማኝና ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«ቢሻው፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «ማታ ቤት ናልኝ። ኤሬዝ አሮጌ ቀበቶ አዲስ ነው ብሎ ገጥሞለት ነው ብለህ ለይሻሽ ንገርልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንተ ግን የጸሎት ሰው ነህ፤ አንተ ካልካት አትጠይቅም።»