እዚያ የተፈታች፣ እዚህ ያልተፈታች

ብርነሽ ጎረቤቴ ናት። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ዳገት ላይ የነጠላ ዘርፍ እየቋጨች ትኖራለች። ባሏ ደበላ ፊንላንድ በገባ በስድስተኛው ዓመት እዚያው ፍርድ ቤት ፈታት፤ ወረቀቱን በፖስታ ላከላት። አንድ ቀን አለቀሰች፤ በማግስቱ ሥራዋን ያዘች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዋቅጋሪ ለትዳር ጠየቃት። ሚስቱ የሞተችበት ጋቢ ነጋዴ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። እሺ አለችው። ስትስቅ ያየኋት ያን ሰሞን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ባል እንደሌለሽ ከወረዳ ማስረጃ አምጪ አላት። ወረዳው በመዝገብ ባለትዳር ነሽ አላት። የፊንላንዱ ፍቺ እዚህ እንዲጸድቅላት አብሬያት ፍርድ ቤት ሄድኩ። ዳኛዋ ክፉ ሰው አልነበሩም።

«የእኛ ፍርድ ፊንላንድ ውስጥ እንደሚፈጸም ማስረጃ አምጪ። ያለዚያ የእነሱን እዚህ ማጽደቅ አልችልም» አሏት።

መርካቶ እንኳ በዓመት አንዴ የምትወርድ ሴት ይህን ከየት ታመጣለች?

በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ይገዙ ሳቀ። «እታለም፣ ምን አስጨነቀሽ? እዚሁ አዲስ የፍቺ ክስ ክፈቺ፤ በጥቂት ወር ያልቃል።»

ያልቅ ነበር። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጉልላት ሰሙ።

«ልጄ፣ ጥሎሽ የሄደው እሱ ነው፤ ስለዚህ ነፃ ነሽ። አንቺ ከከሰስሽ ግን ትዳሩን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ አናጋባሽም።»

ይህን ስትነግረው ይገዙ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ጠብቂ። የውጭ ፍርድ የሚጸድቅበት አዲስ ሕግ እየተረቀቀ ነው ይባላል።»

ጠበቀች። በየሁለት ወሩ እየሄደች ትጠይቀዋለች። «ገና ረቂቅ ነው» ይላታል።

«ጋሽ ጉልላትን ተያቸው፣ ክሰሺ!» አልኳት።

«ከሰርጉ በኋላስ? ቤተ ክርስቲያኑ ፊቱን ካዞረብኝ ከማን ጋር ልኖር ነው?» አለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ዋቅጋሪ ቤቷ መጣ። እኔም ነበርኩ። ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ።

«ብርነሽ፣ ልጆቼ እናት ይፈልጋሉ። እኔም እያረጀሁ ነው።»

«ማን ናት?»

«የሱሉልታ ልጅ ናት። ሽማግሌ ልኬያለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ? ጋቢ ልትሸጥልኝ ነው?»

«ይቅር እንድትይኝ ነው።»

«ደበላ የፍቺ ወረቀቱን በፖስታ ነው የላከው» አለችው። «አንተ ዳገት ወጣህ። ተባረክ።»

የዋቅጋሪን ሰርግ ጋሽ ጉልላት ባረኩት። ሕጉ እስከ ዛሬ አልወጣም። ብርነሽ በወረዳው መዝገብ አሁንም የደበላ ሚስት ናት። ደበላ ግን እዚያ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል አሉ።