እናቴ የከለከለቻት ስድብ

ልጅ ሳለሁ ተረት ሁሉ የሚያልቀው በዳይ የእጁን ሲያገኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላ ዓይነት ተረት መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። ተረት የሰማሁት ከአያቴ አፍ ብቻ ነው፤ አያቴ ደግሞ የሳንጃ አገር ሰው ነበሩ፣ ጠብመንጃቸውን ራስጌያቸው ሳያደርጉ የማይተኙ፣ ሰላምታ የነፈጋቸውን ሰው እስከ ዘር ማንዘሩ የሚያስታውሱ። በእሳቸው ተረት ያታለለ ጅብ ሳይመሽ እግሩ ይሰበራል፣ ድንበር የገፋ ገበሬ በልጁ ሠርግ ላይ ያፍራል፤ ይቅር ተባብለው የሚለያዩ ሰዎች ግን አንድም ቀን አልገጠሙኝም።

ያኔ የምንኖረው መተማ ነበር። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ሲመሽ ስለሚተፋው፣ አንገረቡን፣ ያን በጠፍር የተጠላለፈ አልጋ፣ ወደ ግቢ እናወጣና እኔና ታናሽ ወንድሜ እግራችንን አቆላልፈን እንጋደምበታለን። አያቴ ቢንቢ እንዲሸሽ ብለው እርጥብ የኒም ቅጠል ፍሙ ላይ ይጥላሉ፤ ጭሱ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ፋኖሱም ከጭሱ ወዲያ ደብዝዞ ይታያል። ለቅሶዬ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ማንም አይጠይቀኝም ነበርና ያን ጭስ እወደው ነበር።

አያቴ እኛ ዘንድ የከረሙት ለተረት ብለው አልነበረም። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ጎንደር ተወስዳ ነበር፤ ሐኪሞቹ ካንሰር ነው ብለው ጡቷን ቆርጠው አወጡት፣ ከዚያ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጧት ጀመር። አባቴ ኮኪት አጠገብ የአንድ ባለሀብት ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ክረምት ከገባ ከካምፑ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ስለዚህ ዘመድ ሸክሙን ተከፋፈለው። የእናቴ ታናሽ እህት አለሚቱ ከሆስፒታሉ ሳትወጣ ሰሌን ዘርግታ ትተኛለች፤ ከሽንፋ ሚስቱን ሊያስታምም የመጣ አንድ ሰውዬም ከእሷ ጋር በተራ ያበስል ነበር፣ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው የሁለቱንም ሕመምተኛ ይጠብቃል። እናቴ የቀመሰችው ሁሉ አልረጋላት ሲል፣ ሱዳኖቹ አብሬ የሚሉትን ቀዝቃዛና ጎምዛዛ የማሽላ መጠጥ በጥብጦ በጽዋ ያጠጣት ያው ሰውዬ ነው። እኛን ልጆቹን ደግሞ የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ያዙን።

አክስቴ ዘርፌ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ያኔም አላልኳት፣ አሁንም አልላትም። ከኋላዋ አዲስ ቀሚስ የለበሰች፣ ጓዟን በብብቷ የያዘች፣ ሙሉ የምትባል የኮኪት ልጅ አስከትላ ገባች።

«አባቴ፣» አለቻቸው አያቴን፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣ «ወንድሜ ያለ ሴት፣ ልጆቹም ያለ እናት አይሆኑም። ያች እንደሆን ከሄደችበት አትመለስም። ልጅቱ እስከዚያው ቤቱን ትልመድ ብዬ ነው።»

ስለ ገዛ ልጃቸው ነበር የምትነግራቸው። አያቴ ወደ ጠብመንጃው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ግን «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብለው ውሃ አስቀዱላቸው። ሲመሽ እሳቱን ቆሰቆሱ፣ ቅጠሉን ጣሉ፣ ከዚያም እኛን ልጆቹን እያዩ፣ ድምፃቸውን ግን ከወትሮው ከፍ አድርገው ተረት ጀመሩ።

አንዲት ጅግራ ታመመች አሉ። ላባዋ እየረገፈ ጎጆዋ ውስጥ ተኝታ ሳለ ቁራ በየቀኑ እየመጣች ትጎበኛታለች፤ «አይዞሽ» ትላትና ስትወጣ የረገፈውን ላባ ለቅማ ትሄዳለች። በዚያ ላባ ለጅግራ ባል አዲስ ሙሽራ የምትተኛበትን ጎጆ ዛፍ ላይ እየሠራች ነበር። ሙሽራይቱም መጣች፣ በሞቀው ላባ ላይ ተኛች፣ እንቁላልም ጣለች። ዝናቡ ሲያባራ ጅግራ ዳነች። ወደዚያ ጎጆ ሄደችና ላባዋን አወቀችው፤ አልጮኸችም፣ አልተጣላችም፣ የራሷን ብቻ አንድ በአንድ መዘዘች። ጎጆው ሌላ ምንም አልነበረበትምና መሠረቱ ተፈታ፣ እንቁላሉም ከዛፉ ላይ ወርዶ ተፈጠፈጠ። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁለት መዳፋቸውን አጋጭተው «ጧ!» አሉ። እኔ ከደስታ ብዛት ወንድሜን ረገጥኩት።

ሙሉ የምትባለው ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆየችና፣ «እኔ የሰው ላባ ላይ አልተኛም» አለች። ሲነጋ ጓዟን ይዛ በመጀመሪያው ባጃጅ ሄደች፤ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ የትም ትሁን ግን ይቅናት። አባቴ ወሬው ደርሶት ሲመጣ «ተይ እንጂ፣ እት ዘርፌ፣ ምነው?» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ታላቁን መናገር አያውቅም ነበርና እሷ እስክትሄድ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ አመሸ። በእሱም ተቀይሜ ነበር፤ ግን አባት ነው።

እናቴ የተመለሰችው ሰሊጡ ሊታጨድ ሲል ነው። ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊላት ግቢውን ሞላው፤ ዘርፌም ከሰው አልቀረችም። ወንድሜ እየሮጠ አንገቷ ላይ ሲጠመጠም የእናቴ ሻሽ ወለቀና መድኃኒቱ ያረገፈው ራሷ በሰው ፊት ተራቆተ። በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው የሥጋ ዘመዷ ሲሞትባት ነው። ሁሉም ዓይኑን ወዲያ ሲያደርግ ዘርፌ ጮክ ብላ፣ «ሰው ለሞተበት ሲላጭ አይቻለሁ፤ ይቺ ግን ለራሷ ሐዘን ቀድማ ተላጨች!» አለች። አንድ ሁለት ሴቶች ሳቁ። እነማን እንደሆኑ አውቃቸዋለሁ።

አያቴ ዱላቸውን ጨብጠው ተነሡ። እናቴ ሻሹን ከመሬት አነሣች፣ አራገፈች፣ መልሳ አሰረችው። «አባዬ፣ ይቀመጡ፤ ይሄ የኔ ነው» አለቻቸው። አያቴም ተቀመጡ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። የእናቴ ጸጉር በቀለ፣ ክንዷም በረታ፣ አባቴም እሷ ሳትፈቅድ ውሃ የማይጎነጭ ባል ወጣው። ዘርፌ በዓል ሲሆን ትመጣለች፤ እናቴ «ይግቡ፣ እትዬ ዘርፌ» ብላ በአንቱታ ተቀብላ ታበላታለች፣ ትሸኛታለች። እኔ ከጓዳ ሆኜ ጥርሴን አፋጫለሁ። አያቴ ከሳንጃ በስልክ «መለስሽላት?» እያሉ ይጠይቋት ነበር፤ «ገና ነው አባዬ» ትላቸዋለች። ሳያዩት አረፉ፤ የቀበርናቸው ዕለት እንኳ እሳቸውን ሳለቅስ ዓይኔ ዘርፌን ይፈልግ ነበር።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝኩበት ዓመት፣ እናቴ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ዘርፌን እዚያ አይታታለች፤ ቀኝ እጇን ከጎኗ ሳታላቅቅ ዱቄቱን በግራዋ ብቻ ስትጎትት። «ያን አያያዝ አውቀዋለሁ» አለች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ፣ ቀኑ ደረሰ ብዬ ተከተልኳት። ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘርፌ አንገረቧ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘናት። እናቴ ሰላምታም አላስቀደመች።

«ይክፈቱት።»

«ምኑን?»

«እኔ የከፈትኩትን።»

ዘርፌ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ቀሚሷን ፈታች። ጡቷ ላይ እብጠቱ አፍጥጦ ወጥቷል፤ ዙሪያውን መድኃኒት አዋቂ የቀባት ነገር ቆዳውን አቁስሎታል። ለሰው ያልተናገረችው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ሰው ስለ ታመመ ሰው ምን እንደሚል ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል!

«ነገ ጎንደር እንሄዳለን» አለች እናቴ።

«ልትስቂብኝ ነው።»

«አዎን፣ እስቅብዎታለሁ። መጀመሪያ ይዳኑ።»

ወሰደቻት። ቤተሰቡ እንደገና ተከፋፈለው፤ አለሚቱ ሰሌኗን ይዛ መጣች፣ አባቴ ፈቃድ ጠይቆ ደም ሰጠ፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ ከሥራ ቀርቼ አስታመምኩ። በደስታ አይደለም። እናቴ ያዘዘችኝን እምቢ ማለት ስለማልችል ነው፤ አልጋዋን ሳነጥፍ አንሶላውን የምወጥረው እንደ ከበሮ ቆዳ ነበር። እናቴ ደግሞ ስታስታምም ያየ ሰው አስታማሚ ሳትሆን ዘበኛ ናት ይል ነበር። «ይዋጡ! ያስታወከዎትን አይቁጠሩ፣ እንደገና ይዋጡ!» እያለች ያን የማሽላ መጠጥ፣ አብሬውን፣ አፏ ውስጥ ታንቆረቁርላታለች፤ ዘርፌ ፊቷን ብታዞር ዞራ በዚያ በኩል ትመጣለች።

አንድ ጧት ዘርፌ ስትነሣ ጸጉሯ ትራሱ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ የውሃውን ጀሪካን አስቀምጬ ቆምኩ። የእናቴን አፍ ማየት ጀመርኩ፤ ያን «ለራሷ ሐዘን ቀድማ ተላጨች» የሚል ቃል በልጅነቴ ስንት ጊዜ በእሷ ድምፅ ለራሴ ተናግሬዋለሁ። ዘርፌም ያንኑ ስትጠብቅ ኖራ፣ «በይ እንግዲህ በይው» አለች። «ስጠብቀው ነው የኖርኩ። በይውና ልገላገል።»

እናቴ ጸጉሩን ከትራሱ ላይ ለቀመች፣ በወረቀት ጠቀለለች። «አሁንማ አልለውም» አለች። «አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ሰድቤ ምን ልባል ነው? ጸጉርዎ ይብቀል፣ በእግርዎ ይቁሙ፣ ያን ጊዜ በሰው ፊት እነግርዎታለሁ።»

ዘርፌ በንዴት ጽዋውን ከእናቴ እጅ መንጭቃ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ሳይለምኗት ስትጠጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላም እናቴን ለማሸነፍ የምትበላ ይመስል በላች።

ዳነች። መተማ ስትመለስ እናቴ ራሷ ጎረቤቱን ጠራች፤ የሳቁት ሴቶችም ነበሩበት። የዘርፌ ጸጉር ጣት የማይዘው ጨቅላ ሆኖ በቅሏል። ሁሉም ሲቀመጥ እናቴ ተነሣች፣ እኔም እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

«እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ እትዬ ዘርፌ» አለች እናቴ። ሌላ አልጨመረችም፤ ዳቦውን ትቆርስ ጀመር።

ዘርፌ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሌላውስ?» አለች በሰው ፊት።

«ሹሩባ ሲደርስ» አለች እናቴ።

ሹሩባ ደረሰ። «ትከሻ ላይ ሲወርድ» አለች። ትከሻ ላይ ወረደ። «ሐኪሙ ከእንግዲህ አትምጪ ሲልዎት።» ያቺ ሴት በየበዓሉ እየመጣች የገዛ ስድቧን ስትለምን ማየት፣ አልዋሽም፣ ከበዓሉ ዶሮ ይልቅ ይጥመኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልረካሁም፤ እኔ የተማርኩት እንቁላሉ «ጧ!» ሲል ነውና። አንድ ቀን ለምን ተናግራው እንደማትገላገል እናቴን ጠየቅኋት። ሰሊጥ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን ሳታቆም፣ «ብናገረውማ ያልቃል» አለችኝ። አያቴ ቢኖሩ ይህን መልስ ይወዱት እንደሆን ደጋግሜ አስባለሁ፤ ተረታቸው ሁሉ ሲያልቅ ሰው ወደየቤቱ ይበታተን ነበር፣ ከተበቀሉ በኋላ እንዴት እንደሚኖር የነገሩን ነገር የለም።

ሁለቱ ለክትትል ጎንደር የሚሄዱት አንድ ላይ ነው፤ እኔ ነኝ የምወስዳቸው። ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ የእናቴን ብብት ሲዳስስ ቆየና «ይህን እንመርምረው» አለ። ኋላ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ታወቀ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሦስታችንም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከዚያ ዘርፌ በድንገት የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ ዓይኗ ደም መስሏል፤ አስታማሚው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮኸችባት።

«ስሚ አንቺ ሴት! ያን ቃል ሳትነግሪኝ ብትሞች ይቅር አልልሽም!»