በስተቀኝ የታሰረው መቅዘፊያ

ባለፈው ወር የወላጆቼን ቤት ቀለም ለማስቀባት ዕቃ ስናወጣ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ የለበሰ የካርቶን መርከብ አወረድኩ። ሸራው ወይቧል፤ የቀባሁት ቀይ መስመርም ደብዝዟል። ከገመዶቹ ግን አንዱም አልላላም። የሙጫው ሽታ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ እኔን ግን ሸተተኝ።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደች በሚነገርባት በዴን ሃግ ከተማ በነበረው ትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ ልጅ በዓመት አንድ ቀን ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለመረጠው ነገር ሩብ ሰዓት ይናገራል። ስፕሬክበርት ይሉታል። ሌሎቹ ስለ ፈረስና ስለ ጥንቸሎቻቸው ያወሩ ነበር። እኔ ስሜን ስናገር እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ልጅ ስለነበርኩ ተራዬ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ የቀረኝን ቀን እቆጥር ነበር። የጥንቶቹን የሰሜን አገር ባሕር ተጓዦች፣ ቫይኪንጎችን፣ የመረጥኩት ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ብዙ ሥዕል ስለነበረው ነው። ሥዕል ካሳየሁ ብዙ መናገር አይጠበቅብኝም ብዬ ነበር።

አባቴ ስኬቨኒንገን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤት ሲገባ ሳሙናና የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል። ባሕሩ ከሆቴሉ ጀርባ ነው፤ እሱ ግን ሥራ ሲጨርስ በቀጥታ ትራም ይሳፈራል እንጂ ወደ ውሃው ሄዶ አያውቅም። በበጋ ውሰደኝ ስለው ከእናቴ ጋር ይልከኝ ነበር።

መርከቡን ከካርቶን ስሠራ አየኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መርከቡን የሚመራውን መቅዘፊያ ከኋላ መሃል ላይ ለጥፌው ነበር። ቀስ ብሎ ነቀለና ወደ ቀኝ ጎን አዛወረው። የድሮ መርከብ መሪው በቀኝ ነው አለኝ፤ አብዛኛው ሰው የሚበረታው ቀኝ እጁ ስለሆነ። ሆቴሉ ከጣለው አንሶላ ሸራ ቆረጠልኝ። ገመዶቹን በጫማ ክር ሲያስር ጣቶቹ የእሱን ትእዛዝ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። እናቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ስታጣ፣ «ታዲያ ዛሬ እራት የምንበላው እየቀዘፍን ነው?» አለችን።

ማሰሩን የት እንደተማረ ስጠይቀው፣ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ እንደነበረ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የመጽሐፉን ካርታ ወደ ራሱ ስቦ የቫይኪንጎቹን መንገድ በጣቱ ተከተለ። ለዝርፊያ የሄዱበትን፣ ለምድና ብር ይዘው ለንግድ የሄዱበትን፣ ማንም ያልነገራቸውን አገር ሲፈልጉ በረዶ ውስጥ የገቡበትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩለት። «ፈርተው ነበር ይላል?» አለኝ። ፈለግኩና አይልም አልኩት። «ፈርተዋል» አለ።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ በማግስቱ አጠገቤ ለሚቀመጠው ለሩበን ነገርኩት። ሩበን አትላስ አውጥቶ ኢትዮጵያን ፈለገና ጣቱን በዙሪያዋ አዞረ። «ባሕር እኮ የላችሁም። አባትሽ ምን ላይ ነው የቀዘፈው፣ ሣር ላይ?» አለ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። እሱ ወጣት ሳለ ምጽዋ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ አገር ሥር እንደነበረች አባቴ በካርታ አሳይቶኝ ነበር። ያጣሁት መልስ ሳይሆን ድፍረት ነበር።

የተራዬ ዕለት ዝናብ ስለነበር አባቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መርከቡን በትልቅ ፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ዩፍ፣ መምህራችንን እንደዚያ ነበር የምንጠራት፣ ቆይቶ እንዲያዳምጥ ጋበዘችው። እርጥብ ካፖርቶች ከተሰቀሉበት በር አጠገብ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጠፋም። የቫይኪንጎቹ የራስ ቁር ቀንድ እንዳልነበረው ስናገር ክፍሉ ቅር ብሎት አጉረመረመ። በመጨረሻ ዩፍ ወደ መርከቡ ጎንበስ አለችና መሪው በቀኝ የሆነበትን ምክንያት ጠየቀችኝ። መለስኩላት። ተገረመች።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

አባቴ በሩ ጋ ቀና አለ። ደች ብዙ አይችልም፤ ያን ያህል ግን ይሰማል። ሩበን እያየኝ ነበር፤ ሳቁን ከንፈሩ ላይ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ከመጽሐፍ ነው» አልኩ።

ከአሥር ዘጠኝ ሰጠችኝ። ረቡዕ ስለነበር ትምህርት ያለቀው በእኩለ ቀን ነው፤ አባቴ ውጭ ጠብቆኝ አብረን ተመለስን። ትራሙ ውስጥ መርከቡን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዝናብ የነካውን ሸራ በመዳፉ እያሻሸ ተቀመጠ። ብዙ ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣ «ስለ እነዚያ መርከበኞች ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምጽዋን አላነሳልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አሁን ዴልፍት ከተማ ተምሬ ጨርሼ ሮተርዳም እሠራለሁ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከማላውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሜ ሥራዬን አስረዳለሁ፤ አሁንም ብፈራም ድምፄ ይወጣል። ባለፈው ወር መርከቡን ሳወርድ አባቴ መነጽሩን አደረገና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ፈተሸ። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ያን ቀን ከመጽሐፍ ነው ያልኩት ውሸት እንደነበረ ነገርኩት።

«የቱን ቀን?» አለኝ። አውራ ጣቱ ግን በስተቀኝ ካለው መሪ ላይ አልተነሳም።

ያኔ ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ አባቴም ከእኔ የሚርቀው አራት አምስት እርምጃ ብቻ ነበር። ዛሬ የምናገርበት አዳራሽ ሰፍቷል፤ የጠየቀችኝ መምህር ግን የት እንዳለች አላውቅም። ስለዚህ መልሱን አባቴ በሚያነበው ቋንቋ እዚህ ልጻፈው። ያስተማረኝ አባቴ ነው። መርከበኛ ነበር።